የሽምብራ በሬ

በአገራችን መብላት የማይወድ የለም፤ የሚያበላውን የማይንቅ ግን ጥቂት ነው። አንጥረኛውን «ቀጥቃጭ» ብለን እንሰድብና በሠራው ማረሻ እናርሳለን። ሸክላ ሠሪዋን «ዓይኗ አያርፍም» ብለን እንሸሽና በገንቦዋ ውሃ እንጠጣለን። ወንድ ልጅ ማማሰያ ይዞ ከታየማ መንደሩ ሁሉ መርዶ እንደሰማ አፉን በእጁ ይይዛል። ያው መንደር ምሳ ሲደርስ እጁን ታጥቦ የሚቀድመው ግን የለም! ይህን ዝም ብሎ የሚያልፍ አንጀት የለኝም። ስለዚህ የካሕሱን ነገር እናገራለሁ፤ የሚከፋው ይከፋው።

ካሕሱ የወልድያ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከእንደርታ ወርደው ወልድያ ገበያ ዳር ሱቅ የከፈቱ፣ ጨርቅና ላምባ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። እሱ ግን ባንኮኒ ኋላ መቀመጥ አልሆነለትም። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ፤ በሃያ ሦስት ዓመቱ የፊያት ኤንትሬ መሪ ጨበጠ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአሰብ ወደብ እስከ መቀሌ ያለውን መንገድ ተመላለሰበት።

ሾፌር በዚያን ዘመን ምን እንደነበረ ለማያውቅ ልንገረው። ሾፌር መርሳ ሲገባ ጥሩምባው ከሩቅ ይሰማል፤ ምግብ ቤቱ ሁሉ ወንበር ያራግፋል። ለወረዳው ሹም ያልተገኘ ጥብስ ለሾፌር ይገኛል። ልጁን የሚድር አባት «ሾፌር ነው» ከተባለ ስለ ዘሩ መጠየቁን ይረሳል። የካሕሱ ሚስት ትርንጎ የጉባ ላፍቶ ደገኛ ገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ ሽማግሌዎቹን ያስቀመጡት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው ነው ይባላል፦ «መኪናው ስንት ጎማ አለው?»

እንዲህ ያለውን ክብር የለወጠው የአንድ ክረምት ጭቃ ነው።

በ1973 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ካሕሱ ከሐራ እህል ጭኖ ሲወጣ መኪናው ረግረግ ውስጥ ሰመጠ፤ ሊያወጣው ሲታገል ዲፈረንሻሉ ተሰበረ። መንገዱ ጠባብ ነውና ከኋላው የመጡ ሦስት መኪኖችም ቆሙ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ሾፌር፣ ረዳት፣ መንገደኛ፣ አንዲት እመጫት ጭምር፣ ሃያ ስድስት ሰው በረሃብ ሊያልቅ ሆነ። ሁለት ቀን ሁሉም ተነጫነጨ፤ ተሳደበ፤ መንግሥትንና ጣልያንን በየተራ ረገመ። በሦስተኛው ቀን ካሕሱ ባዶ በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ ድስት አደረገ። ከጭነቱ ባቄላ፣ ከአንዱ መኪና ሽንኩርት፣ ከሌላው ኑግ ዘይት ወሰደ። በአቅራቢያው ካለ መንደር ሴቶች በርበሬ በናፍጣ ለወጠ። ሰው ሁሉ ሳቀበት። የመጀመሪያው በርሜል ካለቀ በኋላ ግን የሳቀ አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን መለዋወጫው ሲመጣ አንድ ረዳት፣ «ምነው ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ!» አለ። ካሕሱ ያን ቀን መኪናውን ሲያስነሣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ራሱ ነግሮኛል። በዐሥራ አንድ ዓመት ሹፍርና አንድ ሰው እንኳ «ቆይልን» ብሎት አያውቅም ነበር። ሁሉም ሰው ሾፌርን የሚለው «ንዳው!» ነው።

ቤቱ ገብቶ ለትርንጎ ነገራት።

«አዲስ አበባ የሆቴል ሙያ የሚያስተምሩበት ቤት አለ። ዓመት ተምሬ ሼፍ እሆናለሁ።»

«ምን?»

«ሼፍ። ምግብ አብሳይ።»

ትርንጎ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ሰው ወጥ ቤት ሆኖ ሾፌር ለመሆን ይጸልያል እንጂ፣ ሾፌር ሆኖ ወጥ ሊማር ይሄዳል? እመብርሃን! ማን ነው የደገመብህ? አባቴ ምን ይሉኛል?»

«ስንት ጎማ እንዳለው ይጠይቁኛላ።»

ሳትወድ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ በመሳቋ ተናደደች። ሁለቱ ከተከራከሩ በኋላ የተስማሙበት ነገር ይህ ነው፦ ይማር። ከተማረ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ቋሚ ሥራ ካላገኘ ወደ መሪው ይመለሳል። ባለ መኪናው ቦታውን ሊያቆይለት ቃል ገባ። ካሕሱም በቅዱስ ገብርኤል ስም ማለ።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው እሱ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሃያ ያልሞላቸው ልጆች ናቸው፤ «አባባ» ይሉታል። ጥፍሩ ውስጥ የገባው ግራሶ በሳሙና አልለቅ ብሎ፣ መምህሩ በየጠዋቱ እጁን እያገላበጠ ያየዋል። ሽንኩርት በሚዛን መመዘን፣ ቢላ በየዓይነቱ መለየት፣ ሾርባ ማጥለል፣ ሊጥ በሰዓት ማሳረፍ፣ ነጭ ኮት ላይ ጠብታ አለማሳረፍ፤ ሁሉንም ተማረ። በአንድ ነገር ግን ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ። ሌሎቹ ዘይቱ መጋሉን ለማወቅ ይጎነበሳሉ፤ ይነካካሉ። ካሕሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ «አሁን አልደረሰም… አሁን ደረሰ… አውጣው!» ይላል። ሞተር ያዳመጠ ጆሮ ዘይት አይጠፋውም። መምህሩ ዓይኑን በፎጣ አሥሮ ፈተነው፤ አልተሳሳተም። ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቶ ምስክር ወረቀቱን ይዞ መጣ።

በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መርሳ ካለው የተወረሰ ሆቴል ለስድስት ወር ሙከራ ተቀጠረ። ሆቴሉን የሚመራው ጓድ ፈንታው ነው። ጓድ ፈንታው የወረዳው ካድሬም ነበር፤ ሁለቱን ሥራ ስለማይለያያቸው እንጀራ ሲያንስ «ሳቦታጅ» ይላል፤ ወጥ ሲበዛ «የምርት ዕድገት» ይላል።

ወጥ ቤቱን ሃያ ዓመት የገዙት ደግሞ እማማ አልጋነሽ ናቸው። ካሕሱ ነጭ ኮቱን ለብሶ ሲገባ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተ፣ ማንን ልትከትብ ነው የመጣኸው?»

«ወጥ ልሠራ ነው፣ እማማ።»

«ውይ ልጄን! መኪናው ገለበጠህ እንዴ?»

ሽንኩርቱን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጥ ጎረቤት ጠርተው አሳዩ። «ኑ እዩልኝ! ሽንኩርት ወርቅ ሆኗል!» ከሁለት ወር በኋላ ግን ምግቡ ሳያርር፣ ሳይጎድል፣ በሰዓቱ ሲወጣ አይተው፣ ማንም በሌለበት ሚዛኑን በጨርቅ ሲወለውሉ ተገኙ። ከደሴ የሚመጡ አውቶቡሶችም ውጫሌ ላይ መቆም ትተው መርሳ ድረስ በረሃብ መታገሥ ጀመሩ።

አብራው መርሳ የገባችው ትርንጎ ግን አልቀለላትም። ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ፣ «ትርንጎዬ፣ ዛሬ ምን ሠራልሽ? የኔንም ባል አንድ ቀን ያስተምርልኝ፤ ሊጥ ያቡካልኝ!» እያሉ ይሳለቁባታል። መሳለቃቸው ደግሞ የሚገርም ነው፤ በባሎቻቸው ስንፍና ዕድሜ ልክ ሲያለቅሱ የኖሩ ሴቶች የሚሠራ ወንድ ሲያዩ ይስቃሉ! ትርንጎ ቀን ትቆጥራለች። ሚያዝያ ሲያልቅ ስድስቱ ወር ያልቃል።

ሚያዝያ 21 ቀን፣ ዓርብ፣ ጓድ ፈንታው ወጥ ቤት ገባ።

«ጓድ ካሕሱ፣ እሑድ የላብ አደሮች ቀን ነው። ከደሴ የክፍለ ሀገሩ ኃላፊ ጓድ ወርቁ ይመጣል። ከሐብሩና ከጉባ ላፍቶ ገበሬ ማኅበራት መቶ ሃያ ተወካይ እዚህ ግቢ ይበላል። መፈክራችን፦ አንድ በሬ፣ አንድ ቢላ፣ አንድ ማዕድ! የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚባል ኋላ ቀርነት ከዚህ ግቢ ይውጣ። ቋሚ የምትሆንበት ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ የምፈርመው ሰኞ ነው። ገባህ?»

«ጓድ፣ እሑድ እኮ ሆሳዕና ነው።»

«ሆሳዕና የሚባል ቀን በአብዮቱ ቀን መቁጠሪያ የለም።»

«ሰዎቹ ግን አሉ።»

ፈንታው ጠጋ አለው። «ካሕሱ፣ ስምህ ራሱ ከወዲያ ማዶ እንደሆነ አትርሳ። እዚህ አገር ውስጥ ለጥያቄ ብዙ የሚመች ስም አይደለም።» ብሎት ወጣ።

ወልድያ ተወልዶ፣ ወልድያ ተምሮ፣ የወልድያን እህል በጀርባው የተሸከመን ሰው በስሙ የሚያስፈራራ ሹም! እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደሚሉት አማርኛ አላጣሁም፤ ግን ልጆችም ያነቡታልና ልለፈው።

ነገሩን ለማያውቅ ደግሞ ላስረዳ። በእኛ አገር እስላምና ክርስቲያን አብሮ ያርሳል፤ አብሮ ያለቅሳል፤ በሠርግ አብሮ ይጨፍራል። ሥጋ ግን ለየብቻ ነው። ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፤ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይቀምስም። ለዚህ ነው ደጋሽ ሁሉ ሁለት የሚያርደው፤ ማንም ቅር አይለውም። ባለፈው ዓመት በዚሁ በዓል ፈንታው በአንድ ቢላ አሳረደ። ግማሹ ሰው፣ ከግማሽ ቀን መንገድ የመጣ የሐብሩ እስላም ገበሬ ሁሉ፣ ውሃ ጠጥቶ አጨብጭቦ ሄደ። ዘንድሮ ደግሞ ሁዳዴ ተጨመረ፤ በሆሳዕና ዕለት ሥጋ የሚነካ ክርስቲያን የት ይገኛል? አራሹ ተርቦ የሚመለስበት የአራሽ በዓል!

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሬው መጣ። በመዋጮ ስም የተወሰደው የሼህ ሙሄዲን በሬ ነው። ሼህ ሙሄዲን በሐብሩ በሽምግልና የታወቁ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ገበሬ ናቸው። በሬውን ራሳቸው እየጎተቱ አምጥተው ከሆቴሉ ኋላ ዋርካው ሥር አሠሩት። ካሕሱ ውሃ ይዞላቸው ወጣ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አያ ሙሄዲን። ይጠጡ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ዳልቾ ይባላል» አሉ፣ ውሃውን ሳይሆን በሬውን እያዩ። «አምስት ዓመት አርሶልኛል። ጥማዱ ቤት ሆኖ እየጮኸ ነው።» ከዚያ ጣታቸውን ዘረጉ። «እስቲ አንተ የተማርክ ነህና አስረዳኝ። ዳልቾን ክርስቲያን ቢያርደው እኔ አልበላም። እኔ ባርደው አንተ አትበላም። እሑድ ደግሞ ማንም ቢያርደው ክርስቲያኑ ጾም ላይ ነው። ታዲያ ዳልቾ የሚሞተው ለማን ነው?»

ካሕሱ ቆሞ በሬውን አየ። ቆይቶ፣ «አያ ሙሄዲን፣ እናንተ ዘንድ ዘንድሮ ሽምብራ እንዴት ነው?» አለ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሞልቷል። ምነው?»

«የጾም ምግብ እኮ ሥጋ የለውም፤ ቅቤ የለውም። የታረደ ነገር አይነካውም። እናንተም ትበሉታላችሁ፤ እኛም እንበላዋለን።»

ሽማግሌው ጢማቸውን ያዙ። «ሱብሃነላህ!» አሉ። «ዘመናችንን ሁሉ ይህን ነገር አብረን ስንበላው ኖረን፣ አንድ ሰው እንኳ ልብ አላለውም!»

«ፈንታው ይሰቅለኛል።»

«አብሽር፣ ልጄ። እኔ ሽምብራውን ነገ በአህያ አመጣለሁ። መሰቀሉን እሑድ እንነጋገርበታለን።»

ቅዳሜ ጠዋት ካሕሱ ነገሩን ለትርንጎና ለእማማ አልጋነሽ ገለጠ። ትርንጎ ፊቷ ተለዋወጠ። ባሏ ወደ መሪው እንዲመለስ ስድስት ወር የጸለየች ሴት ናት፤ አሁን ግን መመለሻው መንገድ በእሥር ቤት በኩል ሊሆን እንደሚችል ገባት።

«ሥጋውን ሠርተህ ብትሰጣቸውስ? አልበላም ያለ አይብላ። ያንተ ጥፋት ምንድን ነው?»

«ትርንጎ፣ የማይበላ ምግብ የሚሠራ ሼፍ፣ የማይሄድ መኪና የሚነዳ ሾፌር ማለት ነው። ለዚህ ብዬማ መሪዬን አልጣልኩም።»

ትርንጎ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና፣ «እሺ፣ ሽምብራው የታለ?» አለች።

ሽምብራው ተቆላ፤ ተፈጨ። ካሕሱ ዱቄቱን መዘነ፤ ጨውና ዘይቱን መዘነ፤ የሽንኩርት ውሃ አፍስሶ ጠንከር ያለ ሊጥ አቦካ። ሴቶቹ በአገሩ ልማድ ሊጡን በዓሣ ቅርጽ እየቆረጡ ለመጥበስ አዘጋጁ። የሽምብራ ዓሣ በሁዳዴ የማይሠራበት ቤት የለም። ካሕሱ ግን አንድ ትልቅ ድብልብል ሊጥ ለብቻው አስቀመጠ።

«ይኼስ?» አሉ እማማ አልጋነሽ።

«ትእዛዙ አንድ በሬ ነው፣ እማማ። በሬ እሠራለሁ።»

እማማ ሳቁን አልቻሉትም፤ ወንፊቱ ከእጃቸው ወደቀ። ካሕሱ ከሲሪንቃ የማሽላ አገዳ አስመጥቶ እያሠረ አጋደመ። «መጀመሪያ ሻንሲ ነው የሚሠራው» አለ። «ጋቢናው በኋላ ይመጣል።» እግሩን ለብቻ፣ አንገቱን ለብቻ፣ ሻኛውን ለብቻ፣ ሆዱን በአራት ከፍሎ ጠበሰ። ዘይቱ ጋ ቆሞ ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጣል፤ ትርንጎ ወንፊት ይዛ ትጠብቃለች። «አሁን!» ሲል ታወጣለች። አንድም ያረረ የለም፤ አንድም ጥሬ የወጣ የለም። ትርንጎ ባሏን በሥራው ላይ ያየችው ያን ቀን ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲነዳ አንድ ጊዜ እንኳ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀምጧት አያውቅም ነበር። የተጠበሰውን በአገዳው ላይ ገጣጠሙት። ቀንዱ ካሮት፣ ዓይኑ ሁለት ፍሬ አደንጓሬ፣ ጅራቱ ረጅም ቃሪያ ሆነ።

«እማማ፣ ምን ይጎድለዋል?»

«መጮህ ብቻ» አሉ እማማ አልጋነሽ።

እሑድ ረፋድ ላይ ግቢው ሞላ። የጉባ ላፍቶ ደገኞች የሆሳዕናን ዘንባባ ጣታቸው ላይ አሥረው፣ የሐብሩ ቆለኞች ሽርጣቸውን አገልድመው መጡ። እንደ ልማዳቸው ለየብቻ ተቀመጡ፤ ሁለቱም ወገን ባለፈው ዓመት ምን እንደሆነ ያውቃልና ስንቁን በአገልግሉ ይዟል። ጓድ ወርቁ በላንድሮቨር ደረሰ። ፈንታው ንግግር ጀመረ። «የጭሰኛው ጌቶች…» ሲል ዋርካው ሥር ያለው ዳልቾ ግቢውን የሚያናውጥ ጩኸት ለቀቀ። ሰው ሁሉ ሳቁን በጋቢው አፈነው።

ፈንታው ደነገጠ፤ ንግግሩን አሳጥሮ ወጥ ቤት ገባ።

«ሥጋው የታለ?»

«ዋርካው ሥር ታሥሯል።»

«ቆሞ?!»

«ቆሞ።»

«አንተ ከማን ጋር ነው የምትቀልደው? ደብዳቤህን እቀደዋለሁ! ደብዳቤ ብቻ ደግሞ አይምሰልህ፤ አንተንም…» ቃሉን አልጨረሰውም፤ ውጭ እንግዳው ተቀምጦ ጭብጨባው እየቀዘቀዘ ነበር። ትርንጎ የያዘችውን ሰሐን ደረቷ ላይ ለጥፋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ጓድ፣ ምግቡ ደርሷል። ሰው አይራብም» አለ ካሕሱ።

«ራስህ ይዘኸው ውጣ! እኔ አላየሁህም፤ አላወቅሁህም!»

ካሕሱ ኮቱን ቆለፈ፤ ቆቡን አስተካከለ። ያን ግዙፍ ትሪ ከእማማ አልጋነሽ ጋር በሁለት ወገን ይዘው ወጡ። መሃል ላይ የሽምብራው በሬ በቀይ ወጥ ኩሬ ውስጥ ቆሟል፤ ዙሪያውን ስልጆ፣ ምስር፣ ሱፍ ፍትፍት፣ የመርሳ ብርቱካን ከበውታል። ከዳር እስከ ዳር «እ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ትሪውን ጓድ ወርቁ ፊት አስቀመጡት።

ጓድ ወርቁ ግን እስከዚያ ወደ ትሪው አላየም፤ ከምግብ በፊት መፈክር ያሰማ ዘንድ ተነሥቶ ነበር። እንደ ደንቡ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ሰነዘረና፣ «አብዮታዊት ኢትዮጵያ…» አለ።

ማንም አልተቀበለውም። መቶ ሃያ ሰው ጣቱን ነበር የሚያየው። ቡጢው ላይ፣ በቀለበት ጣቱ፣ አረንጓዴ የዘንባባ ቀለበት ነበር።

ማን እንዳሠረለት እግዜር ይወቅ። እናቱ ትሆን? ሚስቱ? ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ መጥቶ ነበር፤ መፍታቱን ግን ረሳው። ጓድ ወርቁም ሰው የሚያየውን ተከትሎ ጣቱን አየ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ፈንታው ወደ ሰማይ፣ የሆቴሉ ዘበኛ ወደ መሬት አዩ። ዝምታውን የሰበሩት ሼህ ሙሄዲን ናቸው፤ ከተቀመጡበት ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ጓድ፣ እጅህ እንዳይዝል፤ ተቀመጥ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አሉ።

አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ተከተለ። ከዚያ ግቢው ሁሉ ፈነዳ። ጓድ ወርቁ ላብ ፊቱ ላይ እየወረደ ተቀመጠ፤ መጀመሪያ ለማኩረፍ ሞከረ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ። ያን ጊዜ ነው ትሪውን ያየው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«በትእዛዙ መሠረት ነው፣ ጓድ» አለ ካሕሱ። «አንድ በሬ፣ አንድ ቢላ፣ አንድ ማዕድ።»

ጓድ ወርቁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የታረደ ነገር አለበት?»

«ከሽንኩርት በቀር የታረደ የለም።»

ጓድ ወርቁ ቢላውን ተቀብሎ የሽምብራውን ሻኛ ቆረጠ። ሻኛ የክብር ቁራጭ ነው፤ ለማን እንደሚሰጠው ዙሪያውን አየና ለሼህ ሙሄዲን አጎረሳቸው። ሽማግሌው «ቢስሚላህ!» ብለው ጎረሱ፤ አኘኩ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰው ሁሉ አፋቸውን ይጠብቃል።

«ወላሂ» አሉ በመጨረሻ፣ «የዳልቾ ሻኛ እንዲህ አይጣፍጥም!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ወረቀት አይችለውም። ሁለት ቦታ ተከፍሎ የነበረው ሰው አንድ ሆነ። ደገኛው ቆለኛውን አጎረሰ፤ ቆለኛው የደገኛውን ስልጆ ቀምሶ በሰናፍጩ አለቀሰ፤ ሁሉም በእንባው ሳቀ። ሦስት ጊዜ ተጨመረ። አገልግሉ ሳይፈታ ቀረ። አንድ የጉባ ላፍቶ ሽማግሌ አምባሰል ያወጡ ጀመር፤ የሐብሩ ሰዎች በጭብጨባ ተቀበሏቸው። እኔ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፦ ይህን ለማምጣት ስንት ስብሰባ ተሰበሰበ፣ ስንት መፈክር ተጻፈ፣ ስንት ሰው ተገሠጸ፤ የሚያስፈልገው ግን ሰዎቹን የሚያውቅ አንድ ሰውና ሁለት ጆንያ ሽምብራ ነበር!

ጓድ ወርቁ በመጨረሻ፣ «ይህን ያሰበው ማን ነው?» ሲል ፈንታው ብድግ አለ። «በእኛ አመራር ሰጭነት…» ብሎ ሩብ ሰዓት ተናገረ። ምን ይደረግ! ካሕሱ አልሰማውም፤ ሰሐን እየቆጠረ ነበር። ዳልቾም ወደ ማታ ከጌታው ጋር በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት ካሕሱ፣ ፈንታው የካድሬነት ሥራውንም ወደሚሠራበት ቢሮ ተጠራ። ትርንጎ ውጭ ቀረች። በረንዳው ላይ ለስኳር ራሽን የተሰለፉ ሴቶች ሞልተዋል፤ እሷ ከመስኮቱ ሥር ቆማ ጆሮዋን ጣለች።

ፈንታው ደብዳቤውን ገፋ አደረገለት። ተፈርሟል። ማኅተሙ ገና እርጥብ ነው። ካሕሱ አነበበው፤ እንደገና አነበበው፤ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«ጓድ፣ ይህን አልወስድም።»

ትርንጎ መስኮቱን ጨበጠች።

«ምን ጎደለው?»

«ስሜ ልክ ነው፤ ቀኑም ልክ ነው። ሥራው ግን ‹የወጥ ቤት ረዳት› ይላል። እኔ ረዳት የነበርኩት በዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ጎማ ስሸከም። አሁን ሼፍ ነኝ። ምስክር ወረቀቴም ይህንኑ ይላል።»

«‹ሼፍ› የሚል የሥራ መደብ መዝገቡ ላይ የለም!»

«ትናንት የበላነው መዝገቡ ላይ ነበር?»

ፈንታው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። ወደ ውጭ አየ። ጸሐፊዋ ጣቷን ታይፑ ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች።

«ጻፊለት» አለ። ታይፑ ተንጫጫ። ወረቀቱ ሲወጣ ፈረመና ድምፁን ቀነሰ። «ስማ… ያ በሬ… ከሆዱ አካባቢ የተረፈ ይኖር ይሆን? እናቴ ሕማማት ይዛለች። ሌላ ነገር አልቀምስ ብላኛለች።»

ካሕሱ አየው። እኛ ብንሆን የመጣልንን ሁሉ እንለው ነበር። እሱ ግን፣ «የተረፈ አልሰጣቸውም» አለ። «ዛሬ ለዐሥራ አንድ ሰዓት አዲስ እሠራላቸዋለሁ። ሰው ይላኩ።»

ወጥቶ ደብዳቤውን ለትርንጎ ሰጣትና ወደ ወጥ ቤት ሮጠ፤ ምስሩን እሳት ላይ ትቶት ነበር። ትርንጎ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረች ናት፤ ጣቷን ከቃል ቃል እያስኬደች ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋን ያሰማችው ሳታውቀው ይሁን አውቃ አልነገረችኝም። «በሆቴሉ… በሼፍነት… በቋሚነት… ተቀጥረዋል።»

ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ ዞር አለች። «አንቺ፣ እስቲ ጮክ በይ፤ ከኋላ ያለነው አልሰማንም።»

ትርንጎ የሰልፉን ርዝመት አየች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወረቀቱን ቀና አድርጋ ያዘች፤ ከ«ጉዳዩ» ጀምራ እንደገና አነበበችላቸው።